ተጨማሪ መረጃ፦ በቀለም የሚያዝ ቫይረስ

ቫይረስ በትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕ እንደማይታይ ተምራችኋል። ታዲያ ድንች በቫይረስ መያዙ በምን ይታወቃል? አንዱ መንገድ ኤላይዛ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካልን ከኢንዛይም ጋር በማያያዝ አንድን ቫይረስ ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ ማለት ነው። የቅጠል ጭማቂ 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ይጨመራል። ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን ካገኘ አንቆ ይይዘዋል፤ ያልተያዘው ታጥቦ ይወገዳል። ከዚያ በሚጨመረው ኬሚካል ላይ ኢንዛይሙ ሲሠራ ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ቀለሙ ካልተለወጠ የተፈለገው ቫይረስ አልተገኘም፤ ሌላ ቫይረስ ግን ሊኖር ይችላል።

ድንች የሚተከለው ራሱ ድንቹ ስለሆነ በሽታው ከዘሩ ጋር ወደ አዲሱ ማሳ ይሄዳል። ቅጠል የሚጠቀልለውን ቫይረስ ደግሞ ክሽክሽ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ከተክል ወደ ተክል ያዛምቱታል። ገበሬው ትልልቁን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ሲያስቀር ነገሩ ይብሳል፤ ድንቹ ያነሰው እናት ተክሉ ታምሞ ሊሆን ይችላልና! ማሳ ላይ የታመመን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። እንደ ሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ተቋማት ንጹሕ ዘር በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከትንሽ የተክል ክፍል በብልቃጥ ውስጥ በማሳደግ፣ የሚያባዙትም ለዚህ ነው።

ሞክሩት፦ የድንች ማሳ በአቅራቢያችሁ ካለ ባለቤቱን አስፈቅዱና የታችኞቹ ቅጠሎቻቸው ወደ ላይ የተጠቀለሉና ሲነኩ ደረቅ የሚሉ ተክሎችን ቁጠሩ። ከ100 ስንት አገኛችሁ? የውኃ እጥረትም ቅጠል ስለሚጠቀልል ውጤታችሁን «ጥርጣሬ» ብላችሁ መዝግቡት።