አዲስ ቤትን ማስጌጥ መቼ ይጀመራል?

ቤት ሠርቶ መግባት ለአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዘመን ድካም ፍሬ ነው። ጣራው ተመትቶ፥ በሩ ተገጥሞ፥ ቁልፉ በእጅ በገባ ጊዜ ባለቤቶቹ ቀለሙን ለመቀባት፥ መጋረጃውን ለመስቀል፥ ዘመድ ወዳጅንም ጠርተው ለማስመረቅ ይቸኩላሉ። ደስታው የተገባ ነው፤ ችኰላው ግን ብዙ ጊዜ ደስታውን ያጐድለዋል። ስለዚህ አዲስ ቤትን ማስጌጥ መቼ ሊጀመር እንደሚገባ ለውድ አንባቢዎቻችን ጥቂት ልናሳስብ ወደድን።

ምክራችን ከስሕተታችን የተገኘ መሆኑን አንሰውርም። የቤታችን ልስን የተፈጸመው በነሐሴ አጋማሽ ነበር። ዘመን መለወጫን በአዲሱ ቤት ለመዋል ጓጕተን፥ ግንበኛው «ጥቂት ይታገሡ» ቢለን ሳንሰማው፥ ግድግዳውን ሁሉ በዘይት ቀለም አስቀባነው። እንግዶቻችንም አደነቁልን። ጥቅምት ሳይወጣ ግን ቀለሙ እያበጠ ይላጥ ጀመር፤ ከግድግዳው ተጠግቶ የቆመው ቁም ሣጥን ጀርባው ሻገተ፤ የሕፃናቱም ልብስ የእርጥበት ሽታ ያዘ። አስፍቀን እንደገና ለማስቀባት ለልጆቻችን ትምህርት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ማንሣት ግድ ሆነብን። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው በእኛ ተፈጸመ።

የነገሩ ምክንያት ግልጽ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃ ጋራ በመዋሐዱ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ልስን በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ እየጠጣ ሊቈይ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ግን የተረፈው ውሃ የሚወጣበት ጊዜ ያስፈልገዋል። በበጋ ወራት ቢያንስ 4 ሳምንት፥ በክረምት ደግሞ ከዚያ የበዛ ጊዜ መታገሥ ይሻላል። በዚህም ላይ አዲስ ሲሚንቶና ኖራ የዘይት ቀለምን የሚበላ ጠባይ አላቸው፤ እርጥበት ሲታከልበት ቀለሙ ሊይዝ አይችልም።

የጭቃ ቤትም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ከጭድ ጋራ የተቦካው ጭቃ ሲደርቅ እየተኰማተረ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢደረብበት ስንጥቁ ተመልሶ ብቅ ይላል። እርጥብ ባሕር ዛፍም በደረቀ ጊዜ ስለሚጣመም በርና መስኮቱን ያዛንፋል።

ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ስስ ላስቲክ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አጥብቆ በግድግዳው ላይ መለጠፍና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማቈየት ነው። ከላስቲኩ ውስጥ የውሃ ጠብታ ከታየ፥ ወይም ግድግዳው ጠቍሮ ከተገኘ፥ ጊዜው ገና ነው።

ቤቱ ቶሎ እንዲደርቅ ብለው በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው የሚያድሩ አሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቤትን በደኅና የሚያደርቀው ነፋስ ነው፤ ቀን ቀን ትይዩ የሆኑትን መስኮቶችና በሮች ከፍቶ ማናፈስ ይገባል።

እስኪደርቅ ድረስ የምንጠብቅበት ጊዜም ከንቱ አይደለም። ጧትና ማታ ብርሃን በየት እንደሚገባ ለመመልከት ይረዳል፤ በሱቅ ያማረ ቀለም በጨለማ ክፍል ሌላ መልክ ይይዛልና። የመጋረጃው ቁመት ወለሉ ሳይፈጸም አይለካ። የቤት ዕቃም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። በወረቀት የታተመ ሥዕለ አድኅኖ ካለም እርጥብ ግድግዳ እንዳያበላሸው፥ በምሥራቅ በኩል ንጹሕ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ በክብር ይቀመጥ። ጊዜው ሲደርስ በመጀመሪያ ኮርኒሱ፥ ቀጥሎ ግድግዳው፥ በመጨረሻም በርና መስኮቱ ይቀባሉ።

«ታዲያ እንግዳ ሳንጠራ፥ ቤታችንን ሳናስባርክ እንቈይን?» የሚል ይኖራል። እንዲህ አላልንም። ካህኑ ጸበል ረጭተው ቤቱን ለመባረክ የተቀባ ግድግዳ አይጠይቁም፤ ቄጠማ ተጐዝጕዞ ቡና ከተፈላም የጐረቤት ምርቃት አይቀርም። በረከቱ ይቅደም፤ ጌጡ ይከተል።

እኛም ሁለተኛውን ቀለም የቀባነው ፀሐዩ በጠነከረበት በጥር ወር ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልተላጠም።