የሀዋሳ ስም በዘጠኝ ባይት

የከተማችንን ስም ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ታፔላ «ሀዋሳ» ይላል፣ ሌላው «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሃዋሳ»፤ በቆየ ወረቀት ላይ ደግሞ «አዋሳ» እናገኛለን። አንባቢ አራቱንም አንድ አድርጎ ያልፋቸዋል። ለኮምፒውተር ግን አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር የሀዋሳ ልጅ የጽሑፍ ፋይልን ለማስተዋወቅ ከዚህ ስም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የፊደል ቅርጽ የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር ይሰጣል። የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን «ሀ» 4608፣ «ሃ» 4611፣ «ሐ» 4624 ሆኑ። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች በየራሳቸው ቁጥር ይሠሩ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

ዛሬ በብዛት የምንጠቀመው ዩቲኤፍ-8 የተባለውን አጻጻፍ ነው። ባይት ከ0 እስከ 255 ያለች አንዲት ቁጥር ናት። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው የአማርኛው ሦስት ይፈልጋል። «ሀዋሳ» ፋይል ውስጥ ስትገባ 225፣ 136፣ 128፤ 225፣ 139፣ 139፤ 225፣ 136፣ 179 ትሆናለች። ዘጠኝ ባይት። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለፊደሉ አንድ ባይት ይበቃዋል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ፋይል ሲገናኙ የባይቱን ብዛት አይቶ የፊደሉን ቁጥር መገመት አይቻልም።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ፋይል የሚከፈተው «ኦፕን» በሚለው ትእዛዝ ነው። የፋይሉን ስም፣ ለማንበብ ይሁን ለመጻፍ፣ እንዲሁም አጻጻፉን እንነግረዋለን። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዊንዶውስ ላይ ካልተነገረው ብዙ ጊዜ የምዕራብ አውሮፓን የቆየ የፊደል ሰንጠረዥ ይወስዳል፤ እዚያ 225 ማለት ጭረት የተደረገበት የላቲን «ኤ» ነው። የአማርኛ ፊደል ሁሉ በ225 ስለሚጀምር ገጹ በዚያ «ኤ» ይሞላል፤ ሰንጠረዡ የማያውቀው ባይት ካጋጠመው ደግሞ ፓይተን ማንበቡን በስህተት መልእክት ያቆማል። ጀማሪው ፋይሌ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ገና አልተበላሸም፤ ባይቶቹ በቦታቸው አሉ፣ የተነበቡት ግን በባዕድ ሰንጠረዥ ነው። የሚያበላሸው ያንን ያየውን በሌላ አጻጻፍ መልሶ ሴቭ ሲያደርገው ነው።

ስንጽፍ ጥንቃቄው ይብሳል። የመጻፊያ ምልክቱን «ደብልዩ» ብለን ከከፈትን ፋይሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ገና ሲከፈት ይጠረጋል፤ አንድ ቃል ባንጽፍበት እንኳ። «ኤ» ካልን ከፋይሉ መጨረሻ ይቀጥላል። የሦስት ሳምንት ማስታወሻዬን ያጣሁት በዚህች የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ደብልዩ» ከመጻፌ በፊት ቅጂ አስቀምጣለሁ። ደግሞም ጻፍ ያልነው ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አይደርስም፤ ጥቂት እስኪጠራቀም ወይም ፋይሉ እስኪዘጋ ሜሞሪ ላይ ይቆያል። በመሀል መብራት ከጠፋ ያልደረሰው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፋይልን ከፍቶ ሥራን ቶሎ ጨርሶ መዝጋት ነው። በ«ዊዝ» ትእዛዝ ከከፈትነው መሀል ላይ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ፓይተን ራሱ ይዘጋልናል።

አሁን ፋይሉን መስመር በመስመር እያነበብን የከተማዋ ስም ስንት ጊዜ እንደተነሳ እንቁጠር። «ሀዋሳ»ን ብቻ ከፈለግን ሦስቱ አጻጻፎች ያመልጡናል። መፍትሔው እያነበብን «ሐ»ን እና «ሃ»ን ወደ «ሀ» መለወጥ ነው፤ ይህም ለፍለጋ ብቻ በያዝነው ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ መሆን የለበትም። ፊደሎቻችን ድምፃቸው ቢገጥምም ሥራቸው ይለያያል፤ «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፣ «ሰአሊ ለነ» ግን ለምኚልን ማለት ነው። ሞክሼውን ሁሉ አንድ አድርጎ ዋናው ላይ የጻፈ ሰው ልዩነቱን መልሶ አያገኘውም።

«አዋሳ» ግን በዚህ መንገድ አይፈታም። «አ»ን ሁሉ ወደ «ሀ» እንለውጥ ካልን፣ ፋይሉ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የአሞራ ገደል የአሳ ገበያ መዝገብ ቢሆን፣ ከሐይቁ የወጣው አሳ በሙሉ «ሀሳ» ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «አዋሳ» የሚለው ቃል ሦስቱም ፊደል አንድ ላይ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ይለወጥ ብለን መጻፍ አለብን።