ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ የሰነፈ እንደ ሆነ ስለ መመርመር

በቤንዚን የሚሠራ የአውቶሞቢል ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው በሲሊንደሮቹ ውስጥ ከሚነደው እሳት ነው። በያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፒስቶን አራት ሥራ በተራ ይሠራል፤ ነፋስና ቤንዚን ይስባል፤ የሳበውን ያምቃል፤ ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ የታመቀው ነዶ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ጭሱን ወደ ውጭ ያስወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ የዞረ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር 1,200 ጊዜ፤ ይኸውም በሴኮንድ 20 ጊዜ እሳት ይይዛል።

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ እየተቀባበሉ ሲወቅጡ አንዲቱ ዘነዘናዋን ያሳረፈች እንደ ሆነ በጓዳ ያለ ሰው ሳያያቸው በድምፁ ብቻ ያውቃል። እንደዚሁም ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ እሳት መያዙን ሲተው ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ በማርሚታው የሚወጣው ድምፅ በየተራው ይቋረጣል፤ ዳገት ላይ ሲደርስም ጕልበቱ ይከዳል። ሕመምተኛ የጫነ አውቶሞቢል በገጠር መንገድ ላይ እንዲህ ሲሆን ነገሩ የገንዘብ ጕዳት ብቻ አይደለም። ደግሞም ሰነፉ ሲሊንደር ኃይል ካለመስጠቱ በላይ ለሦስቱ ሸክም ይሆንባቸዋል። ሳይነድ የቀረው ቤንዚን የግድግዳውን ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታችም ወርዶ የሞተሩን ዘይት ስለሚያቀጥነው ደኅነኞቹ ሳይቀሩ ይበላሉ።

ብዙ ባለመኪኖች ይህን ድምፅ እንደ ሰሙ ወደ ሱቅ ይሮጣሉ። ዛሬ ካንዴላ፤ ነገ ካቦ ይገዛል፤ ከነገ ወዲያ ቴስታታው ይከፈታል፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላም ሞተሩ እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጣል። ይህም የሚሆነው «ምን ተበላሸ» ከማለት አስቀድሞ «የቱ ሰነፈ» ብሎ የጠየቀ ስለሌለ ነው።

የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚበቃው ጥቂት ውሃ ነው። ቀዝቅዞ ያደረው ሞተር ተነሥቶ አንድ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ከሠራ በኋላ፤ ከየሲሊንደሩ በሚወጣው የጭስ ቧንቧ ሥር ላይ አንዳንድ የውሃ ጠብታ ይደረጋል። ጠብታው ቸስ ብሎ የደረቀበት ደኅነኛ ነው፤ ጠብታው ሳይደርቅ የቆየበት ሰነፉ ነው። ነገር ግን ጠብታ ማለት ጠብታ ነው፤ በጋለ ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የቀድሞ መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ የካንዴላውን ካቦ በየተራ በእጃቸው ይነቅሉ ነበር፤ ዳሩ ግን በካቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከ10,000 ቮልት ስለሚበልጥ ይህ ልማድ አይመሰገንም።

ሰነፉ ከታወቀ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ካንዴላው ይወጣል። ከመውጣቱ አስቀድሞ በዙሪያው ያለውን አቧራ እፍ ብሎ ማጥራት ይገባል፤ በቀዳዳው የወደቀ አሸዋ ሲሊንደሩን ይፍቀዋልና። የካንዴላው ጫፍ ለሚያስተውል ሰው እንደ ተጻፈ ደብዳቤ ነው። ቡናማ የሆነ እንደ ሆነ ጤና ነው። በቤንዚን የራሰ እንደ ሆነ ቤንዚን መጥቶ ብልጭታ ጠፍቷል ማለት ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ ከነፋሱ በዝቷል፤ ይህም ካርቡራቶሩ ለባሕር ዳርቻ አገር ተስተካክሎ ሳለ ነፋሱ ወደሚሳሳበት ደጋ በወጣ አውቶሞቢል ላይ ይታያል። ዘይት ከተቀባ ፋሻው ወይም የቫልቩ ማስኬጃ አልቋል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ እንደ ሆነ ከልክ በላይ ግሏል።

ከዚህ በኋላም ቢሆን መግዛት አያስፈልግም። የሰነፉን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር መለዋወጥ ነው። ስንፍናው ካንዴላውን ተከትሎ ወደ ጎረቤቱ የሄደ እንደ ሆነ በደለኛው ካንዴላው ነው፤ በስፍራው የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ካቦው በተራው ይለወጣል። ካንዴላው ሲመለስ አስቀድሞ በእጅ ይዞራል፤ በመፍቻ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው።

ብልጭታው ደኅና ሆኖ ሳለ ስንፍናው ከጸና ማመቁን መለካት ይገባል። በዚህ ላይ ብዙ መካኒኮች ይሳሳታሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የነፋሱ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በዚህ 9 ባር ያህል ቢያሳይ አያስደንቅም። በፋብሪካው መጽሐፍ ብቻ የሚፈርድ ሰው ጤነኛውን ሞተር ይከፍታል። እርስ በርስ ማስተያየት ይሻላል፤ አንዱ ከሁሉ ከሚበልጠው ከሦስት አራተኛ በታች ከወረደ ሕመሙ በዚያ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ ልኩ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፤ ከፍ ካላለ ቫልቩ አይገጥምም።

ስለ ቫልቭ ሲነገር ሰው የሚፈራው የሚያንቋቋውን ነው፤ የሚቃጠለው ግን ዝም ያለው ነው። ክፍተቱ ያነሰ ቫልቭ አይጮኽም፤ ነገር ግን በመቀመጫው ላይ አጥብቆ ስለማይገጥም ሙቀቱን የሚያስረክብበት አጥቶ ጫፉ ይበላል። በአገራችን ቮልስ በሚባለው፤ እስከ 2003 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በተሠራው በቮልክስዋገን ይህ በግልጥ ይታያል። በቀድሞዎቹ ዓይነቶች የዘይቱ ማቀዝቀዣ በ3ኛው ሲሊንደር ላይ ስለ ቆመ ወደ እርሱ የሚደርሰው ነፋስ ሞቆ ነው፤ ስለዚህ ከአራቱ አስቀድሞ ቫልቩ የሚቃጠል ይኸው 3ኛው ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፍተቱን በኋለኞቹ ዓይነቶች 0.15 ሚሊሜትር አድርጎ በጊዜው ማስተካከል ከብዙ ወጪ ያድናል።

በኮምፒዩተር የሚመራ አውቶሞቢል የሰነፈውን ሲሊንደር ራሱ ይናገራል፤ በመመርመሪያው መሣሪያ ላይ ፒ 0303 የተባለ ቍጥር ከታየ 3ኛው ማለት ነው። ቍጥሩ የቱ እንደ ሆነ እንጂ ስለ ምን እንደ ሆነ አይነግርምና ከላይ የተነገረው ምርመራ አይቀርም፤ በካቦ ፈንታ በየካንዴላው ላይ ያለው ኮይል ይለዋወጣል። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት የጀመረ እንደ ሆነ ግን ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ከመንገድ ዳር ሊያቆም ይገባዋል፤ ያልነደደው ቤንዚን በጭሱ ማጣሪያ ውስጥ ገብቶ ሲነድ ማጣሪያውን ያቀልጠዋልና።