የመሪ ፓምፕ ለምን ደጋግሞ ይሞታል?

ሐዋሳ ለሾፌር ምቹ ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው፣ ዋና ዋና መንገዶቿም ሰፋፊ ናቸው። ያረጀ መኪና መሪ ግን የሚፈተነው እዚሁ ነው። ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ተነስቶ ወደ ገብርኤል አደባባይ የሚሄድ መኪና ባጃጅ ሲገባበት ይቆማል፣ ጥግ ይዞ ያልፋል፣ አደባባይ ይዞራል፣ በመጨረሻም ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጠማዞ ይቆማል። መሪ የሚከብደው ደግሞ በፍጥነት ሲሄዱ ሳይሆን እንዲህ ቀስ ብለው ሲጠመዝዙ ነው። በዚያች ሰዓት ሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚዞር፣ ጉልበቱን ከሞተሩ የሚያገኘው የመሪ ፓምፕም የሚገፋው ዘይት ትንሽ ነው። ያረጀ ፓምፕ ድካሙን ቀድሞ የሚያሳየው በሻሸመኔ መንገድ ላይ ሳይሆን ከተማ ውስጥ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ባለመኪና ያውቀዋል። መሪው ሲጠመዘዝ ያቃስታል። ዘይት ይጨመርለታል፣ ለጥቂት ቀን ዝም ይላል፣ ይመለሳል። ፓምፑ ይቀየራል። ወራት ሳይቆጠሩ ያው ድምፅ፣ ያው ክብደት። ሁለተኛ ፓምፕ ይገዛል፤ ዕቃውም ሻጩም መካኒኩም ይታማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ አዲሱ ፓምፕ ውስጥ የለም። አሮጌው ፓምፕ ሲፈታ የገደለው ነገር አብሮ አልወጣም፤ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ይህን ለመረዳት የዘይቱን መንገድ መከተል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች፣ ሚኒባሶች፣ ፒክአፖችና የአይሱዙ ጭነት መኪኖች በብዛት የሚጠቀሙት በዘይት ግፊት የሚሠራውን የመሪ አጋዥ ነው። ከኮፈኑ ሥር ትንሽ የዘይት ዕቃ አለች። ከእሷ በታች በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ፓምፕ ይገኛል። ፓምፑ ዘይቱን ከባድ ግፊት በሚችል ቱቦ ወደ መሪው ሳጥን ይልከዋል፤ ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ በሌላ ቱቦ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለች ቀጭን ብረት በጥቂቱ ትጠመዘዛለች። ያች ትንሽ ጥምዘዛ ቫልቭ ትከፍታለች፣ ዘይቱም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ገብቶ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዘንግ ይገፋል። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ግፊቱ በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ከ60 ኪሎ በላይ ይደርሳል። በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ግን ከሁለት ብዙም አያልፍም።

ይህ ሁሉ አጋዥ ብቻ ነው። መሪውና ጎማው በብረት የተያያዙ ስለሆኑ ፓምፑ ቢሞትም መኪናው ይጠመዘዛል። ሆኖም አጋዡ የጠፋበት መኪና፣ ከመጀመሪያው አጋዥ ካልነበረው መኪና ይብሳል። ቮልስ ወይም ላዳ የነዳ ሰው መሪውን ብዙ ጊዜ አዙሮ፣ ነገር ግን በሚቻል ጉልበት ይጠመዝዝ ነበር፤ መሪዎቹ የተሠሩት ለክንድ ነውና። አጋዥ ያለው መኪና መሪ በጥቂት ዙር ከጥግ ጥግ ይደርሳል፤ ስለዚህ ዘይቱ መግፋቱን ሲያቆም ክብደቱ በሙሉ በክንድ ላይ ይወድቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፉ ሾፌሮች ሊያስቡበት የሚገባው አደጋ ይህ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፣ የፍሬኑ አጋዥም ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል።

አሠራሩን ለመኪና ያበቃው ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ፒርስ አሮው በተባለው ኩባንያ ሲሠራ ከባድ የጭነት መኪና መጠምዘዝ ሾፌሮችን ምን ያህል እንደሚያደክም አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 በዘይት የሚታገዝ መሪ የገጠመለት መኪና ለእይታ አቀረበ። ዋጋው ውድ ሆነና ለዓመታት ተቀመጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ዋለ፤ ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው።

አሁን ወደ ገዳዩ። በፓምፑ ውስጥ ስስ ብረቶች ክብ ግድግዳ እየታከኩ ይዞራሉ። የሚያለሰልሳቸው ያው የሚገፉት ዘይት ነው፤ ሌላ ቅባት የላቸውም። ዘይቱ ሲጎድል፣ ሲያረጅ ወይም አየር ሲቀላቀልበት ብረት ከብረት ይፋቃል። የተፋቀው ብናኝ ከዘይቱ ጋር ወደ ቱቦው፣ ወደ መሪው ሳጥን፣ ወደ ዘይት ዕቃው ይዞራል። ከዚያ ፓምፑ ብቻ ተፈቶ አዲስ ይገጠማል፣ ከላይ ትንሽ ዘይት ይጨመራል። አዲሱ ፓምፕ በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚጠጣው የሟቹን ፓምፕ ብናኝ ነው።

ስለዚህ ፓምፕ ሲቀየር ዘይቱ በሙሉ መውጣት አለበት። በአብዛኛው የቤት መኪና ላይ መጠኑ አንድ ሊትር አካባቢ ነው፤ ከፓምፕ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ይነሳሉ፣ የመመለሻው ቱቦ ከዕቃው ተነቅሎ ወደ ጠርሙስ ይገባል፣ የተነቀለበት ቦታ ይደፈናል። ሞተሩ ሳይነሳ አንድ ሰው መሪውን ከጥግ ጥግ ያዞራል፣ ሌላው ንጹሕ ዘይት ይጨምራል፤ ይህ የሚወጣው ዘይት ጠርቶ እስኪታይ ይቀጥላል። ቱቦው ከተመለሰ በኋላም አየሩ እስኪወጣ ያው ማዞር ይደገማል። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ባለመኪናውን ትንሽ ያስጠብቃል፤ መጠበቁ ተገቢ ነው።

የዘይት ዕቃዋም ትረሳለች። በብዙ መኪኖች ላይ ከታችዋ ወንፊት አለ። ወንፊቱ በብናኝና በተላጠ ጎማ ሲደፈን ፓምፑ የሚጠጣው ያጣል፣ ያቃስታል፤ ድምፁ ከሞተ ፓምፕ ድምፅ አይለይም። ዕቃዋን አውልቆ ማጠብ ወይም መለወጥ አንዳንዴ ፓምፕ ከመግዛት ያድናል።

ከዕቃዋ ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ደግሞ ልዩ ተንኮል አለው። በውስጡ ግፊት ሳይሆን መሳብ ነው ያለው። ጎማው ሲደርቅ ወይም የሚያጠብቀው ፋሸታ ሲላላ ዘይት ወደ ውጭ ላይፈስ ይችላል፤ አየር ግን ወደ ውስጥ ይገባል። መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ዘይቱም ልኩ ላይ ነው፣ መሪው ግን ይጮኻል። ሞተሩ እየሠራ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው፤ ዘይቱ አረፋ ይዞ ማኪያቶ ከመሰለ አየር እየገባ ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪ የሚባለው በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ የሚታየው የጠፋ ዘይት ነው። ዘይቱ በየሳምንቱ ይጎድላል፣ ከመኪናው ሥር ግን አንዲት ጠብታ አትገኝም። በነዚህ ሞተሮች ፓምፕ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል የአየር ቫልቭ አለች፣ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችም ከእሷ ይወጣሉ። ሥራዋ ደግ ነው፦ መሪው ሲከብድ ሞተሩ እንዳይጠፋ ተጨማሪ አየር ታስገባለታለች። ውስጧ ሲያረጅ ግን ሞተሩ በአንደኛው ቱቦ በኩል የመሪውን ዘይት ይስበውና ያቃጥለዋል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ በተለይ መሪ ሲጠመዘዝ። ባለመኪናው የሞተሩ ፋሻ አለቀ ብሎ ይደነግጣል። ቀጭኑን ቱቦ ነቅሎ ውስጡን መመልከት በቂ ነው፤ ደረቅ መሆን የሚገባው ቱቦ በቀይ ዘይት ከራሰ ጥፋተኛዋ ቫልቯ ናት።

የዘይቱ ዓይነትም ሰው እንደሚያስበው ቀላል ጉዳይ አይደለም። አብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች የሚፈልጉት ዴክስሮን የሚባለውን ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ሆንዳ የራሱ አለው። ብዙ ጊዜ የዕቃዋ ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የፍሬን ዘይት ግን በምንም ምክንያት መግባት የለበትም። ለመሪ የተሠሩት ጎሚኒዎች የፍሬን ዘይት ሲነካቸው ያብጡና ይበላሻሉ፤ የአንድ ቀን ስህተት ፓምፑንም የመሪውን ሳጥንም ያስፈታል። ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ ማንጠብጠብ ብዙ ይናገራል። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ሙቀት በዝቶበታል፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከቀረ ፓምፑ እየተፋቀ ነው። ሙቀቱን ከሚያበዙት ልማዶች አንዱ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ይዞ መቆየት ነው፤ ዘይቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይፈላል። ጥግ ሲደርስ ትንሽ መመለስ ልማድ መሆን አለበት።

ሌላው የሚመላለስ ሕመም የመሪው ሳጥን ማፍሰስ ነው። ጥርጣሬ ካለ ከሳጥኑ ግራና ቀኝ ያሉትን የታጠፉ ጎማዎች፣ ኩፊያዎቹን፣ በእጅ መጭመቅ ነው፤ ውስጣቸው ዘይት ከተንቦጫቦጨ የውስጡ ጎሚኒ አልቋል። ጎሚኒው ይቀየራል፣ ማፍሰሱ ይቆማል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ይጀምራል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ነው። የተቀደደ ኩፊያ አቧራና ውኃ ያስገባል፣ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ዝገት ይቆፍረዋል፣ የተቆፈረው ዘንግ አዲሱን ጎሚኒ በየጥምዘዛው ይልጠዋል። ዘንጉን በጣት ጥፍር መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጎሚኒ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የተቀደደ ኩፊያ በጊዜ ቢቀየር ኖሮ ሳጥኑ ይተርፍ ነበር።

መሪ ከበደ ማለት ሁልጊዜ የዘይት ጉዳይ ነው ማለትም አይደለም። የጎማ አየር መጉደል ብቻውን መሪ ያከብዳል፣ እሱን መሙላት መቅደም አለበት። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነስተው ሞተሩ እንደጠፋ መሪው በእጅ ይዞር። በአየር ላይም ከደረቀ ጥፋቱ መጋጠሚያ፣ ኩሽኔታ ወይም የደረቀ የመሪ ዘንግ ነው፤ ፓምፑ ንጹሕ ነው። በአየር ላይ ልል ሆኖ መሬት ላይ ከከበደ ቺንጋው፣ ዘይቱና ፓምፑ በተራ ይታያሉ። ጥግ ሲደርስ ብቻ ጢጥ የሚል ስለታም ድምፅ በአብዛኛው የላላ ቺንጋ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሰው መኪናውን የሚለውጥበት ዕድል ስለጠበበ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ያለው ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት መሄድ አለበት፤ ለቦሎ በየዓመቱ ምርመራ ሲቀርብም መሪው ይታያል። ሐዋሳ ላይ የጠፋ መለዋወጫ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ ከሶማሌ ተራ፣ ይፈለጋል። ያገለገለ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ዘንጉን በእጁ አዙሮ ሻካራ አለመሆኑን፣ ወደ ጎን አለመነቃነቁን፣ ከአፉ የሚንጠባጠበው ዘይት አለመጥቆሩን ይይ። ጎሚኒዎቹን ደግሞ ፓምፑ ጠረጴዛ ላይ እያለ መቀየር ይሻላል፤ ከተገጠመ በኋላ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

በከተማው የበዛው ቪትዝ ከዚህ ጣጣ አብዛኛው አይመለከተውም። አብዛኞቹ ቪትዞች ዘይትም ፓምፕም የላቸውም፤ መሪውን የሚያግዘው በዘንጉ ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ይህን አሠራር ለቤት መኪና ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 የሱዙኪ ሰርቮ ነበር። የቪትዝ መሪ አንዴ እየከበደ አንዴ እየቀለለ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ መብራት ሲበራ፣ ወደ ውድ ዕቃ ከመሄድ በፊት ባትሪው ይለካል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ የሚሞላው ዲናሞ ደክሟል፤ የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ጫፍም መሪውን በቅጽበት ያስቀራል። ችግሩ ከዘንጉ ሆኖ ያገለገለ ከተገጠመለት፣ የጥምዘዛ ጉልበት የሚለካው ዳሳሽ ዜሮ ነጥቡን እንደ አዲስ እንዲይዝ በምርመራ ኮምፒውተር መስተካከል አለበት። ሳይስተካከል ከወጣ፣ መኪናው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እየሄደ መሪው በራሱ ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል።