ከግሸን ጸጥታ በኋላ የተሰማ ዜማ

መዝሙረ ዳዊት ተራሮችን፣ ነፋሱንና ጥልቁን ሁሉ ለምስጋና ይጠራል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊትም ቅዱስ ያሬድ ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የተማረው ከገነት በተላኩ ሦስት አዕዋፍ አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። ስለዚህ ፍጥረት የዜማ መምህር መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

የአገራችንም ሰው ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱን በወሎ ምድር ስም ባቲና አምባሰል ብሎ ይጠራቸዋል። ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የሀብሩን ምድር እንዳለፈ የአምባሰልን ተራሮች በስተቀኙ ያያል። በዚያ አገር፣ ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በሚሰበሰቡበት በግሸን ደብረ ከርቤ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ዐሥር ዓመት ያህል ኖረዋል።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ፣ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ ተልከው በዚያ ሙዚቃን ጀመሩ። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር በኢጣልያ ታሰሩ፤ ከነጻነትም በኋላ በካይሮ ተማሩ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን ለመሄድ የነበራቸው ተስፋ በተሰናከለ ጊዜ ግን እጅግ አዘኑ፤ ሁሉንም ትተው ወደ ግሸን ወጡ። በዚያም በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጭቃ ጎጆ እያደሩ፣ ያለ ሙዚቃ በጸሎት ብቻ ተወስነው ኖሩ።

ኋላ ወደ ፒያኖው ተመልሰው ካሰሙን ድርሰቶች መካከል ስለ ባሕር፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ ዮርዳኖስ ወንዝ፣ ስለ ነፋስና ስለ ምሽት አየር የተሰየሙ ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ሜሲያን በዚያው ዘመን የወፎችን ድምፅ በየዱሩ እያዳመጠ በኖታ ጽፎ ለፒያኖ አዘጋጅቷል። የእማሆይ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ የማዕበሉን ጩኸት አይቀዱም። ግራ እጃቸው ረጋ ብሎ ሲሄድ ቀኝ እጃቸው እንደ ጅረት አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ሰሚውም በአገሩ ቅኝት ውስጥ ሆኖ ልቡን ያዳምጣል።

«መነኩሲት ፒያኖ መምታት ይገባታልን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእርግጥ የማኅሌታችን መሣሪያ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው፤ ፒያኖ ከዚህ ሥርዓት አይገባም። ነገር ግን ዛፍ በፍሬው ይታወቃል። እማሆይ የያሬድን ዜማ ለማጥናት በጎንደር ሳሉ የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ እየለመኑ በሜዳ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን ሙዚቃ ሰጡ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ለድኾች መርጃ ሆነ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ግሸን ስትወጡ፣ ከተራራው ላይ ጥቂት ዝም ብለው ነፋሱን እንዲያዳምጡ አስተምሯቸው። ወደ ቤትም በተመለሳችሁ ጊዜ የቆሎ ተማሪ በደጃችሁ ቆሞ ሲለምን ድምፁን ሰምተው ቁራሹን በገዛ እጃቸው ያድርሱለት።