ደሴ ሲዘንብ ኮምቦልቻ ይንቃ

ጎርፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሜዳ ነው፤ አዋሽ ሞልቶ የአፋርን ግጦሽ ሲያለብስ፣ የፎገራ ማሳ በርብ ውኃ ሲዋጥ። ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ከጎርፍ የራቀ ይመስለዋል። በአሜሪካ አፓላችያን ተራሮች መካከል የምትገኘው የአሽቪል ከተማም ከባሕር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የራቀች ናት። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እዚህ መስቀል በሚከበርበት ዕለት፣ ሔለን የተባለው ሃሪኬን በፍሎሪዳ ጠረፍ ገብቶ እዚያ ደረሰ። ከሃሪኬኑ ቀድሞ በጣለው ዝናብ መሬቱ ጠግቦ ስለነበር የኋለኛው ውኃ መግቢያ አጣ። በከተማዋ ያለው ወንዝ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን የሙላት ክብረ ወሰን ሰበረ። በአካባቢው ተራሮች ከ2 ሺህ በላይ የመሬት መንሸራተት ተመዘገበ፤ በሰሜን ካሮላይና ግዛት ብቻ ከ100 በላይ ሰው አለቀ።

ሃሪኬን ወሎ አይደርስም። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሱት መሰሎቹ አልፎ አልፎ የአፍሪካን ቀንድ ይነካሉ፤ ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሶማሌላንድን መትቶ እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናብ አምጥቷል። ከዚያ አልፎ ደሴ አይወጣም። ነገር ግን አሽቪል ላይ ከነፋሱ ይልቅ የከፋው ተራራው በዝናቡ ላይ የሠራው ሥራ ነበር፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ የእኛም የሐምሌ ዶፍ ይበቃል።

እርጥብ አየር ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ ይገፋል። ሲወጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ ደመና እስኪሆን ድረስ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። የቀዘቀዘ አየር እንፋሎቱን መሸከም ስለማይችል ያወርደዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ስለሚችል፣ ዓለም በሞቀች ቁጥር ዶፉም እየከበደ ይሄዳል።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል 500 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ሜዳ ላይ ይህ ውኃ ይተኛል፣ ይሰርጋል። በገደላማ ቁልቁለት፣ በቆርቆሮ ጣሪያና በኮብልስቶን ላይ ሲወርድ ግን የሚያቆመው የለም፤ በየቦዩ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ደራሽ ጎርፍ የሚባለው ይህ ነው።

የደሴ ውኃ ሰብሳቢ ቦርከና ነው። ከኩታበር በኩል መጥቶ፣ ከተማዋን ሰንጥቆ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል አልፎ፣ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ ወደ ጨፋ ይቀጥላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ውኃው 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብንልና ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ቢሆን፣ ለመድረስ ሁለት ሰዓት አይሞላውም። በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከብ እየታየ፣ ውኃው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ደሴ ያለ ሰው ግን ዶፉን እያየው ነው። አንድ ስልክ ለመደወል ያ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው።

ድሬዳዋ የደረሰው ይኸው ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ከንጋት በፊት፣ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ በሐረርጌ ደጋ የዘነበውን ውኃ ይዞ ከተማው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደጋው ዶፉን አይቶታል፤ ቆላው እንቅልፍ ላይ ነበር።

የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ከባድ ዝናብ የሚጠበቅባቸውን ቀናት ይነግረናል፤ ችላ ሊባልም አይገባም። ይሁንና ነጎድጓዳማ ደመና ጠባብ ነው፤ በጦሳ በየትኛው ጎን፣ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወርድ ከቀናት በፊት ለይቶ መናገር አይቻልም። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ከላይ ካለ ጎረቤት መምጣት አለበት። ለዚህ ወሎ የታደለ ነው፤ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ዕድር አለ። ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይዞ የየቤቱን ሰው በስም ያውቃል፤ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ሌላ መዝገብ አያስፈልገውም። የደሴ ቅሬዎች የኮምቦልቻ ወንዝ ዳር ቅሬዎችን ስልክ ቢይዙ፣ ተቀባዩም የመስጊድ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያን ደወል ለዚህ ጥሪ እንዲውሉ አስቀድሞ ቢስማማ ወጪው ምንም ነው። መብራት በዶፍ ሊጠፋ ስለሚችል ደወሉን መርሳት አይገባም። በኮምቦልቻ ዙሪያ ካሉ ተራሮች በወርቃና በሌዮሌ ወንዞች የሚወርደው ውኃ ግን ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። እዚያ የወንዙ ድምፅ ድንጋይ እንደሚንከባለል ሲያጓራ፣ ውኃው በድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመጣ፣ ማንንም ሳይጠብቁ መነሳት ነው።

መነሳት ስል ሩቅ መሄድ ማለቴ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሁለቱ ከተሞች ሕዝብ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ልጅ አዝሎ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰድዷል፤ ስለዚህ መሸሽ ሲባል መኪናና ረጅም መንገድ ቢታሰበው አይገርምም። ከደራሽ ጎርፍ የሚሸሸው ግን ሽቅብ ነው፤ ብዙ ቦታ ጥቂት ደቂቃ ዳገት መውጣት ያድናል። መኪና ወጥመድ ሊሆን ይችላል። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና፣ 60 ሴንቲ ሜትሩ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩ «እናልፈዋለን» ሲል ከባጃጁ መውረድ የተሳፋሪው መብት ነው።

ናዳ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ጎርፍ የአንድ ሰዓት ዶፍ ይበቃዋል፤ ናዳ ብዙ ጊዜ ቀናት የዘለቀ ዝናብ ይፈልጋል። ደሴ ዙሪያ በተዳፋቱ ላይ ከላይ የወረደ ልቅ አፈርና ድንጋይ ተከምሯል። ውኃ ሰርጎ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ሲሞላ፣ እርስ በርስ የያዛቸውን ግፊት ይቀንሳል፤ ተዳፋቱም በራሱ ክብደት ይለቃል። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ትናንት በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር አልገጥም ይላል። ከቤት በላይ መሬቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የመብራት ምሰሶ ያዘነብላል፤ ምንጭ ይደፈርሳል ወይም ባልነበረበት ይፈልቃል። በሩን ጠርቦ ማስገጠም ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ወጥቶ ከቤቱ ኋላ ያለውን ዳገት ማየት ይገባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸው ሲቆፍሩ የነበሩትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ወገንን ለማዳን መሮጥ ያለ ነው፤ ሆኖም አንድ ሰው ከቁፋሮው ርቆ ከላይ ያለውን ዳገት እያየ እንዲጮህ መመደብ አለበት።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ቱቦው ነው። የመንገድ ዳር ቱቦ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ያለቀ ጫማ፣ ከላዩ የደረቀ ደለል ነው። ዶፉ ሲመጣ ውኃው መንገዱን ይለቅና ታች ያለው ቤት ይገባል። ይህ የነሐሴ ሥራ አይደለም፤ በግንቦት አካፋና ማዳበሪያ ይዞ የሚጨረስ ነው።

በዚያው ግንቦት፣ አንድ ምሽት ከመሸ በኋላ፣ የወንዝ ዳር ሰፈር ሰዎች ለሌሊት ጥሪ የመረጡትን መንገድ በባትሪ ይውጡት። ሕፃናቱም ይኑሩ። እማማ እከሊትን ማን እንደሚደግፋቸው እዚያው ይታወቅ። መታወቂያ፣ የቤት ካርታና መድኃኒት በአንድ ላስቲክ ታስረው በር አጠገብ ይንጠልጠሉ። አንድ ሰው ሰዓት ይያዝ። የመጨረሻው ሰው ከፍታው ላይ ለመድረስ፣ ውኃው ይሰጣል ተብሎ ከታሰበው ጊዜ በላይ ከፈጀበት፣ ሌላ ቅርብ ዳገት ይፈለግና በሌላ ምሽት እንደገና ይሞከር።