ብዕር የሚነጥፈው በጫት እጦት አይደለም

«ካልቃሙ አይጻፍም» የሚለው ወሬ ዕድሜው ረጅም ነው። ወጣቱ ጸሐፊ ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጦ ሲውል ከጓደኞቹ የሚያገኘው ምክር ይኸው ነው፦ «አንድ ዙርባ ይዘህ ቁጭ በል፤ ምርቃናው ሲመጣ ሐሳቡ ራሱ ይፈስልሃል»። ምክሩ ስሕተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጉዳዩን ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኑት ኖረው፣ እኛ ዛሬም መፍትሔውን በርጫ ላይ መፈለጋችን ያሳዝናል።

ድካም፣ ሐዘንና የኑሮ ጭንቀት ብዕር እንደሚያስጥሉ ማንም ያውቃል። ድባቴ ይዞት እንቅልፍና ምግብ የራቀው ሰው ደግሞ ሐኪም ያስፈልገዋል። ማብራሪያ የሚሻው ጤናው የተሟላ፣ የሚለውን የሚያውቅ፣ ጊዜም ያለው ሰው መጻፍ ሲያቅተው ነው።

ቁልፉ ያለው «የሥራ ትውስታ» በሚባለው የአእምሮ አቅም ላይ ነው። ይህ አቅም በእጃችን ያለውን ጉዳይ እያሰብንበት ለአፍታ ይዘን የምንቆይበት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አለን ባድሊና ግርሃም ሂች በ1974 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) አሠራሩን የሚያስረዳ ሞዴል አቀረቡ። ኔልሰን ኮዋን ደግሞ በ2001 የተከማቸውን ማስረጃ ገምግሞ፣ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አራት ገደማ ነገሮችን እንደሆነ ደመደመ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ወደዚያ ጠባብ ቦታ የሚገባውን ቁጠሩ፦ ሐሳቡ፣ ያለፈው ዓረፍተ ነገር፣ አንባቢው የሚያውቀውና የማያውቀው፣ የቃሉ ምርጫ፣ ግሱ የሚያርፍበት ቦታ። ሮናልድ ኬሎግ ሰዎች እየጻፉ ሳለ ድንገት ድምፅ እያሰማ፣ መልስ ለመስጠት ምን ያህል እንደሚዘገዩ ለካ። የዘገየ ሰው አእምሮው በጽሑፉ ተይዟል ማለት ነው። በዚህ መለኪያ መጻፍ የሚጠይቀው ጥረት ከበቁ የቼዝ ተጫዋቾች ጥረት ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኘ።

አሁን በዚህ ሁሉ ላይ ዳኛ ጨምሩበት። «መግቢያው ይስባል? እገሌ ቢያነበው ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ያችኑ ጠባብ ቦታ ይሻማል፤ ፍርሃቱም ይሻማል። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ስላልወረደ ዳኛው የሚፈርደው ጸሐፊው በአእምሮው በያዘው ላይ ብቻ ነው፤ ለመያዣ የሚሆን ቦታ ደግሞ አልተረፈም። ጸሐፊው ቡቃያው ብቅ ሳይል ሊያርም ማሳው ውስጥ እንደገባ ገበሬ፣ አረሙን ከሰብሉ መለየት ሳይችል ሁሉንም ይረግጣል። ከዚያ «ሐሳብ አጣሁ» ይላል። ሐሳቡ ግን ነበረ፤ ሳይጻፍ ነው የተሰረዘው።

ማይክ ሮዝ በ1980 ባሳተመው ጥናት 10 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አነጋግሯል። አምስቱ ብዕራቸው የሚነጥፍ፣ አምስቱ እምብዛም የማይቸገሩ ነበሩ። የነጠፈባቸው ግትር ሕግና ዕቅድ ይከተሉ ነበር፦ አንዷ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ገና ሲወጣ ሰዋስው የጠራ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ሌላዋ ዕቅዷን እያወሳሰበች ቀኑን ትጨርሳለች። ያልተቸገሩትም ሕግ ነበራቸው፤ ሕጉ አልሠራ ሲላቸው ግን ይተዉታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሥር ሰው ጥቂት ነው። ግትሩ ሕግ ብዕሩን ያደርቃል ወይስ የተቸገረ ሰው ሕግ ያጠብቃል የሚለውም በቃለ መጠይቅ ብቻ አይለይም። ስሜት መጠበቅን በተመለከተ ደግሞ፣ ሮበርት ቦይስ በ1983 ባወጣው ሙከራ፣ ቢያሻቸውም ባያሻቸውም በተወሰነ ሰዓት እንዲጽፉ የተገደዱ ምሁራን ስሜታቸው ሲመጣ ብቻ ከጻፉት ከሦስት እጥፍ በላይ ገጽ ጽፈዋል፤ አዲስ ሐሳብም በብዛት መጥቶላቸዋል። ተሳታፊዎቹ ግን 27 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንጂ ገጣሚዎች ወይም ልብ ወለድ ደራሲዎች አልነበሩም። ቢሆንም «ስሜቱ እስኪመጣ ልጠብቅ» የሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በእጁ የለም።

ወደ ጫቱ እንመለስ። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። ንቃትንና በራስ መተማመንን ከፍ ስለሚያደርግ ዳኛው ለጊዜው ዝም ያለ ይመስላል፤ የወሬው ምንጭም ይኸው ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የሥራ ትውስታን ያዳክማል። በ2011 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናትም ቃሚዎች ከማይቅሙ ይልቅ በሥራ ትውስታ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። የንጽጽር ጥናት በመሆኑ ጥፋተኛው ጫቱ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ጫት አቅሙን ያሰፋል ለሚለው ግን ድጋፍ አይሆንም።

መፍትሔው የጠባቡን ቦታ ሸክም ማቃለል ነው። የምትሉትን በአጭር ዝርዝር አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ አውርዱ፤ ኬሎግ በ1988 እንዳሳየው እንዲህ ያለው ቢጋር የጽሑፉን ጥራት ያሻሽላል። መግቢያው ካስቸገራችሁ ዝለሉትና በደንብ ከምታውቁት ክፍል ጀምሩ። በየቀኑ ቋሚ ሰዓት ይኑራችሁ። ከሁሉም በላይ የመጻፊያውንና የማረሚያውን ሰዓት ለዩ፤ ረቂቁ ሳያልቅ አንድም መስመር አትሰርዙ። ብዕሩ ለነጠፈበት ጓደኛችሁም ዙርባ አታቀብሉት፤ ይህን ንገሩት።